መድኀኒቱ ከተሰጠ በኋላ ያሉት ሰዓቶች፤ በግርሻ ትኩሳት የሰውነትን ቍጣ ለማብረድ የተደረጉ ሙከራዎች ታሪክ

በማጂ ደጋ ስለ ሕክምና ጨዋታ በተነሣ ቍጥር ከሽማግሎች አፍ ደጋግመን የሰማነው አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም «እገሌን የገደለው በሽታው አይደለም፤ መርፌው ነው» የሚል ነው። ታሪኩም ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። አንድ ሰው ቀናት ሙሉ በትኩሳት ሲሠቃይ ይቈይና ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ክሊኒክ ያደርሱታል። እዚያ መርፌ ይወጋል። ጥቂት ቈይቶም ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ከመሸም በኋላ ይሞታል። ዘመዶቹም «በእግሩ ሊመጣ የሚችለውን ሰው በቃሬዛ ወስደን አስገደልነው» እያሉ ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር የታመመ ሰው ወደ ክሊኒክ ከመሄድ ቤቱ መተኛትን ይመርጣል።

እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሳይንስ ትምህርት እንደ ጀመርን እንዲህ ያለውን ቃል ከአጉል እምነት ቈጥረን እንስቅበት ነበር። በኋላ ግን በአገራችን ስለ ግርሻ ትኩሳት የተደረጉትን ምርምሮች ስንመለከት ሽማግሎቹ በዐይናቸው አየን የሚሉት ነገር ሊሆን የሚችል እንደ ሆነ ተረዳን። የተሳሳቱት በምክንያቱ እንጂ በምልከታው አይደለም። ትክክለኛ መድኀኒት የተሰጠው ሕመምተኛ መድኀኒቱ ሥራውን በጀመረበት ሰዓት ሊሞት ይችላል። ይህ ለምን እንደሚሆን፥ ሐኪሞችም ለሌላ በሽታ የተሠሩ መድኀኒቶችን በመዋስ ይህን ሞት ለመከላከል እንዴት እንደ ሞከሩ፥ ምን እንደ ተሳካላቸውና ምን እንዳልተሳካላቸው በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ስለ በሽታው ጠባይ

የግርሻ ትኩሳት በቅማል የሚተላለፍ የደም በሽታ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ትኩሳቱ በድንገት ይነሣና ጥቂት ቀናት ከቈየ በኋላ ይተዋል፤ ሰውዬው ዳንሁ ብሎ ከተነሣ በኋላ ግን መልሶ ያገረሽበታል። በሽታውን የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል እንደ ጠመዝማዛ ክር ያለ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ይህን ተሐዋሲ በሕሙማን ደም ውስጥ በ1868 በበርሊን በመጀመሪያ ያየው ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን ግኝቱን ያሳተመው በ1873 ነው። በዚያው ዓመትም በኮሌራ ሞተ። የቅማልን አስተላላፊነት ደግሞ በ1907 ማኪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በህንድ አገር አመለከተ፤ ሻርል ኒኮልና ጓደኞቹም በ1912 በቱኒስ አረጋገጡት። ሰው ቅማሉን በጥፍሩ ሲጨፈልቀው ከውስጡ የሚወጣው ተሐዋሲ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል።

በሽታው የሚወደው ብርድንና መጨናነቅን ነው። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው፥ ውሃና ሳሙና በሌለበት፥ በክረምት ወራት ከብዙ ሰው ጋር ተጠጋግቶ ሲተኛ ቅማል ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሸጋገራል። ስለዚህ በጦር ሰፈር፥ በወህኒ ቤት፥ በስደተኞች መጠለያ፥ በረኃብ ዘመንም ይበረታል። በሌላው ዓለም ይህ በሽታ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሞላ ጎደል ሲጠፋ በኢትዮጵያ ደጋዎች ግን ሥር ሰድዶ ቈይቷል። በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍልም በጅማ ከተማ ስለ ተነሣ ወረርሽኝ የሚናገር ጽሑፍ በ1996 ታትሟል። በ2015ም ከአፍሪካ ቀንድ በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ የተሻገሩ ወጣት ስደተኞች በጀርመን፥ በኢጣልያና በኔዘርላንድ በዚሁ በሽታ ታመው ሲገኙ የአውሮፓ ሐኪሞች ከመጽሐፍ በቀር አይተውት ለማያውቁት በሽታ እንግዳ ሆነው ነበር።

ማጂ በቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛት የአውራጃ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በ2021 በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። ከተማዋ ያለችበት ተራራ ጭጋጋምና ብርዳም ነው፤ ከሥሩ ያለው የኦሞ ቆላ ግን የሚያቃጥል ሙቀት ነው። ከሰሜን በኩል ሚዛን ተፈሪን፥ ቴፒንና በበቃን የያዘው የቡና አገር አለ። የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ ሠራተኛው ከየደጋው የለበሳትን ልብስ ብቻ ይዞ ይወርዳል፤ በአንድ ጣራ ሥርም ብዙ ሆኖ ያድራል። ቅማል በራሱ እግር ሩቅ አይሄድም፤ የሚጓዘው በሰው ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ግርሻ ትኩሳት መጻፍ ለዚህ አገር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሳይታከም ከቀረ በሽታው ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገድላል። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከተሰጠ ግን የሚሞተው ከ100 ከ2 እስከ 5 ብቻ ነው። እንግዲህ መድኀኒቱ ሕይወት አዳኝ ስለ መሆኑ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው መድኀኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ላይ ነው።

የሁለት ሐኪሞች ስም የተሸከመው አጸፋ

በ1895 አዶልፍ ያሪሽ የተባለ የኦስትሪያ የቆዳ ሐኪም ቂጥኝ የያዛቸውን ሰዎች በባዜቃ ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ። መድኀኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ የሕመምተኛው ትኩሳት ይጨምራል፤ በቆዳው ላይ ያለው ሽፍታም ደም ለብሶ ይባባሳል። በ1902 ካርል ሄርክስሃይመር የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም ይህንኑ በሰፊው ገለጸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ «የያሪሽና የሄርክስሃይመር አጸፋ» ተብሎ ይጠራል። ሄርክስሃይመር አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች በ81 ዓመቱ ወደ ቴሬዝየንሽታት የእስረኞች ሰፈር ወስደውት በ1942 እዚያው ሞተ። ሕዝቡን ሲያክም የኖረ ሰው ፍጻሜው እንዲህ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባውም።

ይህ አጸፋ በቂጥኝ ጊዜ ቀላል ነው፤ በግርሻ ትኩሳት ጊዜ ግን እጅግ ይበረታል። መድኀኒቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመምተኛው ጥርሱ እስኪፋጭ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ሙቀቱ 41 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ትንፋሹና የልቡ ምት ይፈጥናል፤ አንዳንዱም ይቃዣል። ቀጥሎ ብርዱ ይተወውና ቆዳው ይግላል፥ ላብ ይወርደዋል፥ የደሙ ግፊትም ይወድቃል። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። ተመልካቹ «ትኩሳቱ ለቀቀው» ብሎ ደስ በሚለው ጊዜ የልብ ሥራ እየደከመ ሊሄድ ይችላል።

ምክንያቱን በቀላል አነጋገር ለማስረዳት የራሳችን ቋንቋ ይረዳናል። ቍስል ሲቀላ፥ ሲያብጥ፥ ሲግልና ሲጠዘጥዝ «ቍስሉ ተቈጣ» እንላለን። ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት ይህንኑ ቍጣ ነው። ቍጣው የሰውነት መከላከያ ነው፤ ጠላት በገባበት ስፍራ ጦር እንደ መስደድ ያለ ነው። ነገር ግን ጠላቱ በአንድ ስፍራ ሳይሆን በደም ሁሉ ውስጥ በተሠራጨ ጊዜ ቍጣውም በመላው ሰውነት ይሆናል። ያን ጊዜ የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ውሃቸውን ያፈስሳሉ፤ ኩላሊት፥ ሳንባና አንጎል በቂ ደም ያጣሉ። አገር ለመጠበቅ የወጣ ጦር መልሶ አገሩን እንደ መዝረፍ ያለ ነው። በተለምዶ የደም መመረዝ የምንለው፥ ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት ሕመም ይህ ነው። በ2016 የወጣው የሐኪሞች ስምምነትም ሴፕሲስን የተረጐመው በጀርሙ ብዛት ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ በሚሰጠው ሥርዐት ያጣ አጸፋ ነው።

በግርሻ ትኩሳት መድኀኒቱ ተሐዋስያኑን በአንድ ጊዜ ሲያጠፋ ከእነርሱ የሚለቀቀው ነገር ይህን ቍጣ በድንገት ያነሣሣዋል። እንግዲህ ሽማግሎቹ «መርፌው» ያሉት በእውነቱ መርፌው የቀሰቀሰው የሰውነት ቍጣ ነው።

አዲስ አበባ የምርምር ስፍራ ስትሆን

የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1964 ከተከፈተ በኋላ በዚያ ያስተምሩ የነበሩ ሐኪሞች በየሆስፒታሉ የሚተኙት የግርሻ ትኩሳት ሕሙማን ብዛት አስገረማቸው። ኤልድሪድ ፓሪ፥ አንቶኒ ብራይሰን፥ ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ሕሙማን ከሰዓት ሰዓት እየተከታተሉ መመርመር ጀመሩ። የመጀመሪያው ጽሑፋቸው በ1967 ወጣ፤ በ1970 ደግሞ የ62 ሕሙማንን ታሪክ የያዘ ሰፊ ጥናት ታተመ። የልብን፥ የትንፋሽንና የደም ግፊትን ለውጥ በየደረጃው ስለ ለኩ በመጽሐፍ «ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያም ያልበዋል» ተብሎ በሁለት ቃል ይታለፍ የነበረው ነገር ዝርዝር ታሪክ አገኘ።

ከዚህም ሥራ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ጥበቃን የሚመለከት ነው። አጸፋው ባለፈበት ሕመምተኛ የደም ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በድንገት ቢነሣ ወድቆ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ተኝቶ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው ለሳይንስ የሚጠቅም ነው። በሌላው የደም መመረዝ ቍጣው መቼ እንደ ጀመረ ማንም አያውቅም፤ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ሲደርስ እሳቱ ተቀጣጥሏል። በግርሻ ትኩሳት ግን እሳቱን የሚለኵሰው ሐኪሙ ራሱ ነው። የሚለኰስበትን ሰዓት አስቀድሞ ስለሚያውቅ፥ ማብረጃውን ከእሳቱ በፊት አዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይችላል። በዚህ ምክንያት የድኻ በሽታ የሆነው የግርሻ ትኩሳት የዓለምን ትልቅ ጥያቄ ለመፈተን የሚያስችል በር ሆነ።

የመጀመሪያው ውሰት፤ ኮርቲዞን

በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በመገጣጠሚያ ቍርጥማት ለተያዘች ሴት ኮርቲዞን ሰጥቶ ከአልጋ ስላስነሣት ዓለም ተደነቀ። ሄንች፥ ኬንዳልና ራይሽታይን በ1950 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ከዚያ በኋላ «ይህ መድኀኒት የመገጣጠሚያን ቍጣ ካበረደ የደምንስ ቍጣ ለምን አያበርድም?» የሚለው ሐሳብ መነሣቱ የሚገባ ነበር።

በኢትዮጵያም ይህ ተሞከረ። ለግርሻ ትኩሳት ሕሙማን ሃይድሮኮርቲዞን በብዙ መጠን ከፀረ ተሐዋስያኑ መድኀኒት ጋር ተሰጠ። ውጤቱ ግን ተስፋ የተደረገውን ያህል አልሆነም። በ1978 በቶማስ ባትለርና በጓደኞቹ የታተመውም ጥናት ሃይድሮኮርቲዞን ትኩሳቱን በመጠኑ ቢቀንስም መንቀጥቀጡን እንደማያስቀረው ያሳያል። እሳቱ ነበልባሉ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም።

ይህ ማለት ግን ኮርቲዞን በደም በሽታ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1984 ከጃካርታ የወጣ ጥናት ከባድ የአንጀት ታይፎይድ ይዟቸው አእምሯቸውን ለሳቱ ወይም ግፊታቸው ለወደቀ 38 ሕሙማን ክሎራምፌኒኮል ሲሰጥ ግማሽ ለሚሆኑት ብዙ ዴክሳሜታዞን ተጨመረላቸው። ከተጨመረላቸው 20 ሰዎች የሞቱት 2 ብቻ ሲሆኑ ካልተጨመረላቸው 18 ሰዎች 10 ሞቱ። አንዱ መድኀኒት በአንዱ በሽታ ሲሳካ በሌላው የማይሳካ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ውሰት፤ የሕመም ማስታገሻ

በ1983 ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ተክሉ፥ ኃብተ ሚካኤል፥ ዋረልና ሌሎችም ያቀረቡት ጽሑፍ ወጣ። የተዋሱት መድኀኒት ሜፕታዚኖል ይባላል፤ የተሠራው ለሕመም ማስታገሻ ነው። ይህ ለሕመም የተሠራ መድኀኒት የግርሻ ትኩሳትን አጸፋ እንዳለዘበው በጽሑፋቸው አመለከቱ። ለእኛ ለተማሪዎች የሚያኰራው የኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ስም በእንደዚህ ያለ ጽሑፍ ራስጌ መታየቱ ነው። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ሕመምተኛ በፈረንጅ መጽሔት ይታይ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሐኪም ስም ግን እምብዛም አይታይም ነበር። ሆኖም ሜፕታዚኖል አጸፋውን ቀነሰ እንጂ አላጠፋውም፤ በየገጠሩ ክሊኒክም የሚገኝ መድኀኒት አልሆነም።

ሦስተኛውና አራተኛው ሙከራ

በዚህ መካከል የሳይንስ ዕውቀት አንድ እርምጃ ሄደ። በ1975 በኒው ዮርክ ቲዩመር ነክሮሲስ ፋክተር የተባለ ንጥረ ነገር ተገለጠ፤ በ1980ዎቹም የሰውነትን ቍጣ ከሚያውጁት መልእክተኞች ዋነኛው እርሱ እንደ ሆነ ታወቀ። በአጭሩ ቲ ኤን ኤፍ እንለዋለን። በ1992 ንጉሤና ባልደረቦቹ የግርሻ ትኩሳት ሕሙማንን ደም በየሰዓቱ መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ፥ አጸፋው በሚነሣበት ሰዓት ቲ ኤን ኤፍና ሌሎች ሁለት ዐይነት መልእክተኞች በደም ውስጥ ብዙ እጥፍ እንደሚያድጉ አሳዩ። «መርፌው ገደለው» የሚለው አነጋገር በላቦራቶሪ ቍጥር የተገለጠው ያን ጊዜ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ጠላቱ በስሙ ከታወቀ በኋላ ሁለት ሙከራ ተደረገ። የመጀመሪያው ፔንቶክሲፊሊን የሚባለውን መድኀኒት መዋስ ነበር። ይህ መድኀኒት በእግራቸው የደም ሥር መጥበብ ምክንያት መራመድ ለሚቸግራቸው ሰዎች ይሰጥ የነበረ፥ የታወቀና ብዙ ዋጋ የማያስወጣ ነው። በመስታወት ዕቃ ውስጥ በተደረገ ምርመራ ሕዋሳት ቲ ኤን ኤፍ እንዳይሠሩ የሚከለክል ስለ ሆነ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። በ1996 የታተመው ውጤት ግን አጸፋውንም ሆነ የመልእክተኞቹን መፍሰስ እንዳላስቀረ ገለጠ። በብርጭቆ ውስጥ የሠራው በሰው ውስጥ አልሠራም።

ሁለተኛው ቲ ኤን ኤፍን ራሱን የሚይዝ፥ ከበግ ደም የተሠራ ፀረ አካል ነው። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ 49 ሕሙማንን በዕጣ ለይተው ለ20ዎቹ ይህን ፀረ አካል፥ ለ29ኙ ግን የጨው ውሃ ከፔኒሲሊኑ በፊት ሰጡ። የጨው ውሃ ከተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ አጸፋው ተነሣባቸው፤ ፀረ አካል ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን 10 ብቻ ናቸው። ይህ በ1996 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በሰው ልጅ ላይ የሚደርስ የደም ቍጣ ቲ ኤን ኤፍን በመያዝ ሊከለከል እንደሚችል በግልጥ ከታየባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዷ አዲስ አበባ ናት።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፥ ከ20ዎቹ ግማሾቹ አሁንም ተንቀጥቅጠዋል። ሁለተኛ፥ ይህ ፀረ አካል ቅማል ላለበት ድኻ የሚሰጥ የዕለት መድኀኒት አልሆነም። ቲ ኤን ኤፍን የሚይዙ መድኀኒቶች ከዚያ ወዲህ በሀብታም አገሮች ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ሕመም በብዛት ውለዋል፤ ዋጋቸው ግን የማጂ ገበሬ የሚችለው አይደለም።

የዓለም ልምድና የአገራችን ጥያቄ

በዚያው በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ቲ ኤን ኤፍን የሚይዙ ፀረ አካሎች በብዙ ሺህ የሴፕሲስ ሕሙማን ላይ ተሞክረው ብዙ ገንዘብ ፈሰሰባቸው፤ ነገር ግን ተስፋ የተደረገው ፈውስ አልተገኘም። በአዲስ አበባ በከፊልም ቢሆን የሠራው እዚያ ለምን አልሠራም? መልሱ ከላይ ባመለከትነው የሰዓት ነገር ውስጥ የሚገኝ ይመስለናል። በአዲስ አበባ ማብረጃው ከእሳቱ ቀደመ፤ በሌላው ስፍራ ግን ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ እንደ ማምጣት ሆነ።

ኮርቲዞንም ቢሆን እንዲሁ በመጠንና በጊዜ ተወስኖ ቀረ። በ2018 የወጡት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ይህን ያስረዳሉ። በአንደኛው ከ3,600 በላይ የሆኑ፥ ግፊታቸው የወደቀ የሴፕሲስ ሕሙማን ሃይድሮኮርቲዞን ሲሰጣቸው ቶሎ ከድንጋጤው ወጡ፤ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ቍጥር ግን ካልተሰጣቸው አልተለየም። በሁለተኛው ፍሉድሮኮርቲዞን አብሮ ተሰጥቶ የሞቱት ከ100 ከ49 ወደ 43 ዝቅ አሉ። በ2020ም የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የተደረገው ትልቅ ሙከራ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ሕሙማን የሚሞቱትን ከ100 ከ41 ወደ 29 እንዳወረደ ገለጠ። በዚያው በሰኔ ወር የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ለጸና ሕመም እንዲሰጥ አሳሰበ። ነገር ግን በዚሁ ሙከራ ኦክሲጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን መድኀኒቱ ምንም ጥቅም አላሳየም። ቍጣው ገና ባልበረታበት ሰውነት ላይ ቍጣን ማብረድ መከላከያን ማፍረስ ይሆናል።

ስለዚህ ርካሽና የታወቀ መድኀኒት ሲገኝ «አይጐዳም» ብሎ ለሁሉ መስጠት አደገኛ ነው። ከራሳችን አገር ማስረጃ አለን። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኢሳያስ ከበደ ጉዲናና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በማጅራት ገትር ተጠርጥረው የታከሙ ሕሙማንን መዝገብ አገላብጠው በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በሽታው በምርመራ ሳይረጋገጥ ዴክሳሜታዞን የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ እንደ ሞቱ አሳይተዋል። እርግጥ በመዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት የሞቱን ምክንያት ያለ ጥርጥር አያረጋግጥም፤ የጸናባቸው ሰዎች ይሆናሉ መድኀኒቱን ያገኙት። ነገር ግን በአውሮፓ የሠራ ሕክምና በእኛ ዘንድ ሳይመረመር እንዳይወሰድ የሚያስጠነቅቅ ነው።

ከጎረቤቶቻችንም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በ2011 በኡጋንዳ፥ በኬንያና በታንዛንያ በ3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት በትኩሳት ግፊታቸው ለደከመ ሕፃናት በፍጥነት ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ሞትን እንደሚጨምር ገለጠ፤ ፈሳሹ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ከ100 ሕፃናት 7 ሲሞቱ፥ ከተሰጣቸው ግን ከ10 በላይ ሞቱ። በ2017 የታተመው የሉሳካ ጥናትም በአሜሪካ ሥርዐት የታከሙ የሴፕሲስ ሕሙማን በሆስፒታል ውስጥ ከ100 48 ሲሞቱ፥ በተለመደው ሥርዐት የታከሙት ግን 33 እንደ ሞቱ ዘገበ። ምክንያቱ የሐኪሞች ድንቍርና አይደለም። መተንፈሻ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ሳንባ ውሃ ቢሞላ የሚያድን የለም።

ስለ ማጂ ምን እንላለን

በ2017 በዓለም ላይ ወደ 49 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በሴፕሲስ እንደ ታመሙና 11 ሚሊዮን እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ እኛ ባለ አገር የሚኖሩ ናቸው። በማጂ ዙሪያ ከሚገኝ ቀበሌ የጸናበት ሰው መንገዱ ጭቃ በሆነበት ክረምት ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ብዙ ሰዓት ያልፋል፤ ወደ ጅማ መላክ ቢያስፈልገው ደግሞ ሌላ ረጅም መንገድ አለ። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደ ገደለ ይገመታል፤ በደቡብ ምዕራብ አገራችን የርቀት ነገር ምን ያህል ነፍስ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለዚህ አገር ጤና ጠባቂ የሚጠቅመው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፥ ቍጣን የሚያበርድ መድኀኒት ሁሉ ጊዜውን ጠብቆ የሚሰጥ እንጂ በደፈናው የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። የ50 ዓመት ሙከራ ያስተማረን ይህን ነው። በገጠር ክሊኒክ «ይበርታለት» ተብሎ ለትኩሳት ሁሉ የሚወጋው ዴክሳሜታዞን ከዚህ ታሪክ ድጋፍ የለውም።

ሁለተኛው፥ ርካሹ መሣሪያ ዐይን መሆኑ ነው። የግርሻ ትኩሳት ሕመምተኛ መድኀኒቱን ከወሰደ በኋላ ወደ ቤቱ መላክ የለበትም። በጀርባው ተኝቶ፥ ሙቀቱና ግፊቱ እየተለካ፥ ውሃ እየጠጣ፥ ሳይነሣ ቢያንስ እስከ ማግስቱ መጠበቅ አለበት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አልጋና ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ግን ይጠይቃል። ልብሱም ይቀቀል፤ አብረውት የተኙትም ይመርመሩ። ቅማሉ ካልጠፋ ሐኪሙ የሚያድነው አንዱን ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው፥ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው፥ ነገሩን ለዘመድ አስቀድሞ መንገር ነው። ሐኪሙ መርፌውን ከመውጋቱ በፊት «ከዚህ በኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱም ይብሳል፤ ያም መድኀኒቱ መሥራቱን ያሳያል፤ ላብ ሲያልበው ግን አደጋ አለና እንዳይነሣ ያዙልኝ» ቢል፥ የሚመጣው ነገር ለዘመዶቹ ድንገተኛ አይሆንባቸውም። ሕመምተኛው ቢድን «ሐኪሙ እንዳለው ሆነ» ይላሉ። ቢሞትም እንኳ ሊደርስ እንደሚችል የተነገራቸው ነገር ስለ ሆነ፥ ሌላውን ታማሚ ከክሊኒክ አያርቁትም። ሳይነገራቸው ከቀረ ግን ያዩትን በራሳቸው ይተረጕሙታል። ያዩት እውነት ስለ ሆነም ማንም የውጭ ሰው መጥቶ ሊያስተዋቸው አይችልም።

ያሪሽ በ1895 ያየውና የማጂ ሽማግሌ ያየው አንድ ነገር ነው። አንዱ ጽፎ ስሙ ተጠራበት፤ ሌላው ተናግሮ ተሳቀበት። እኛ የተማርን ነን የምንል ወጣቶች ወደየአገራችን ስንመለስ የሕዝባችንን ቃል ከመናቃችን በፊት ምን አይቶ እንደ ተናገረ ብንጠይቀው፥ ለሳይንስም ለሕዝቡም የሚጠቅም ነገር እንደምናገኝ እናምናለን።